ለእማዬ የተላከው ሁሉ አንቺ ዘንድ ነው

ይድረስ ለምወድሽና ለምሳሳልሽ እህቴ ለሰላማዊት ማሩ፣ ጅዳ ከተማ።

እንደምን ከረምሽ እታለም? እዚያ ክረምት የለም ይላሉ፤ እኔ ግን በአገራችን ደንብ ልጠይቅሽ። ጤናሽ እንዴት ነው? ስትሄጂ ያስለቅስሽ የነበረው ጥርስሽ ተወሽ? ወገብሽስ? እህል ውኃው ይስማማሻል? እንቅልፍስ ታገኚያለሽ? ፍልሰታን ጾምሽ ወይስ የሰው ቤት ነውና የሰጡሽን በላሽ? በልተሽም ከሆነ አትጨነቂ፤ የነፍስ አባታችንን ጠይቄልሻለሁ፣ «ችግር የለም፣ አይዞሽ በላት» ብለዋል።

እኛ እግዚአብሔር ይመስገን በሕይወት አለን። ደህና ነን ብዬ ላልፍሽ አስቤ ነበር፤ ነገር ግን ደህና ነን ለማለት ይህን ያህል ወረቀት አያስፈልግም። የምጽፍልሽ ከገበሬዎች ማሰልጠኛው በረንዳ ላይ ሆኜ ነው። ቤት ሆኜ እንዳልጽፍ እናታችን አጠገቤ ቁጭ ብላ እያንዳንዱን መስመር «አንብብልኝ» ትላለች። የሚነበብላት አለ፣ የማይነበብላትም አለ። ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድበው ጆሮ አያሰማም። ጽሕፈቴ ቢንጋደድ በዝናቡ አሳብቢ፤ ስምንተኛ ክፍል ላይ ያቋረጥኩትን ትምህርት አታንሺብኝ።

ደብዳቤውን ይዛልሽ የምትመጣው የጎረቤታችን የአያ በላይነህ ልጅ ሸዋነሽ ናት። ከዚያው ከጅዳ ለእረፍት መጥታ ጳጉሜን ሳይገባ ትመለሳለች። በፋሲካ ሰሞን ከአሠሪዎቿ ጋር በእናንተ በር ሲያልፉ፣ ቆሻሻ ልትጥዪ ወጥተሽ እንዳየችሽ ነገረችን። ጆሮሽን ነክተሽ፣ ወደ ቤቱ ጠቁመሽ፣ ባዶ መዳፍሽን ዘርግተሽ አሳየሻት አለች። ስልክሽን እመቤቲቱ እንደወሰደችብሽ ያን ጊዜ ገባት። ከገና ወዲህ ድምፅሽ የጠፋበት ምክንያት ይኸው ኖሯል፤ ሸዋነሽ በስልክ ሰምተን እንዳንደነግጥ ብላ ነገሩን ለአባቷም ስላልነገረች፣ እኛ እስክትመጣ ድረስ ምንም አናውቅም ነበር። እናታችን ልጅቱን አስቀምጣ «ከስታለች? ጫማ አድርጋለች? ጸጉሯን ማን ይሠራላታል?» እያለች ስታመላልሳት ሰነበተች። ሸዋነሽም አልሰለቻትም፣ ምን የመሰለች በጎ ልጅ መሰለችሽ።

የቤቱን ወሬ ላስቀድም። ቦራዋ ላም ወልዳለች፤ ጥጃዋ እንደ እናቷ ነገረኛ ናት፣ ስትታለብ ካልተጣላች አይሆንላትም። ባለቤቴ ዝናሽ ደህና ናት፣ ልጆቹም አድገዋል፤ ብርሃኑን ብታዪው አታውቂውም፣ ቁመቱ የእኔን ትከሻ አልፏል። ድንቹ ዘንድሮ በሽታ ሳይነካው ወጥቷል። ዝናቡ በጊዜው ገብቶ፣ በረዶውም ወደ ሌላ አገር አልፎልን፣ መሬቱ ጠጥቶ ጠግቧል። እንዲህ ያለ ክረምት ባገኘንበት ዓመት የእናታችን ስንዴ እንዲያ መሆኑ ነው አንጀቴን የሚያሳርረው።

ነገሩን ከሥሩ ልንገርሽ፤ አንቺ ሳትኖሪ የመጣ ነውና። ባለፈው የካቲት የልማት ሠራተኛችን ዋልልኝ ታብሌት ይዞ መጣ። ታብሌት ምን እንደሆነ ለአንቺ አላስረዳም፤ የአሠሪዎችሽ ልጆች ሲጣሉበት ሳታዪው አትቀሪም። ማሰልጠኛው ጣሪያ ላይ የፀሐይ መብራት ተተክሏል። ስንዴ በመስመር እንዴት እንደሚዘራ፣ ዋግ የመታው ቅጠል ምን እንደሚመስል በምስል አሳየን። ደስ ይል ነበር፣ አልዋሽሽም። አያ በላይነህ በምስሉ ውስጥ የሚዘራውን ሰውዬ ትኩር ብለው አይተው «ይህ ሰው የእኛን ጭቃ አልረገጠም፤ ሱሪው ንጹሕ ነው» ብለው አሳቁን።

ከሥልጠናው በኋላ ዋልልኝ ከእንግዲህ ማዳበሪያ የሚወጣው በስልክ ነው አለን። ስማችሁ፣ ማሳችሁና ስልካችሁ ይመዘገባል፤ ሰኔ ላይ በየስልካችሁ ኮድ ይመጣል፤ ኮዱን መጋዘን ሄዳችሁ ትናገራላችሁ፣ ድርሻችሁን ትወስዳላችሁ፤ ማንም የማንንም አይበላም አለ። በዘመድና በእጅ መንሻ ሲያልፍብን የኖረውን ታውቂ የለ፣ ከልባችን አጨበጨብንለት። ዋልልኝም እኛን አይቶ ደስ አለው። አሁን ያን ቀን ሳስታውስ ለእሱም አዝናለሁ።

ምዝገባው በማግስቱ ነበር። እኔ ገሳይ ገበያ ወርጄ አልነበርኩም፤ እንደነገሩኝ ነው የምነግርሽ። ስልክ የሌላቸው ሴቶች አንገታቸውን ሲደፉ፣ እናታችን ተራዋ ሲደርስ «ስልክ አለዎት?» ሲባል «አለኝ እንጂ!» አለች። ከዚያም የአንቺን ቁጥር አንድ ሳታጎድል በአንድ ትንፋሽ ወረደችው። ደብረ ታቦር ቤት ተከራይተሽ ስትማሪ የነበረሽን የአገር ቤቱን ቁጥር ማለቴ ነው፤ ስትሄጂ «አልጥለውም፣ ስመለስ እሱኑ አወጣለሁ» ብለሽ ሲሙን ይዘሽው የሄድሽው። ፊደል ባትቆጥር፣ ያን ቁጥር እንደ አቡነ ዘበሰማያት በቃሏ ይዛዋለች፤ ስልክ ያለው ሰው ባገኘች ቁጥር እየወረደችው ታስደውል አልነበር? ሰዉ አጨበጨበላት፣ ዋልልኝም ጻፈው። ይህ ስልክ ማን እጅ ነው ብሎ የጠየቀ የለም። እኛ ዘንድ ልጇ ስልክ ያላት እናት ስልክ አለኝ ትላለች፤ እኔም ብኖር ከሚያጨበጭቡት አንዱ ነበርኩ።

ሰኔ ገባና የየቤቱ ስልክ ይጮህ ጀመር። የእኔም ኮድ መጣ። እናታችን የኛ ሰፈር ተራ በደረሰ ዕለት አህያዋን ነድታ መጋዘን ወረደች። መጋዘኑን የያዘው ልጅ ኮድዎን ይንገሩኝ እማማ ቢላት፣ ስልኬ ላይ ነው አለችው። ስልክዎስ የት ነው ቢላት፣ ልጄ ዘንድ፣ ጅዳ አለችው። ሰልፉ ሁሉ ሳቀ። እሷም አብራ ሳቀች፤ ታውቂያታለሽ፣ በራሷ መሳቅ አይከብዳትም። አህያዋን ባዶዋን ነድታ ስትመለስ ግን አልሳቀችም።

ዋልልኝ ክፉ ልጅ አይደለም። ያንኑ ዕለት የታብሌቱ ኢንተርኔት ወደሚሠራበት ወደ ቤተ ክርስቲያኑ ጉብታ ወጣ፣ እኔም ተከተልኩት። የእናታችንን ቁጥር በእኔ ቁጥር ልቀይር ሲል ታብሌቱ በቀድሞው ቁጥር የተላከውን ኮድ አስገባ ይለዋል። የቀድሞው ቁጥር አንቺ ዘንድ ነው። ማሳዋን በእኔ ስም ላድርገው ሲል፣ ማሳው ባለቤት አለው ይለዋል። ሰርዤ እንደ አዲስ ልመዝግባት ሲል፣ ለመሰረዝም ያንኑ ኮድ አምጣ ይለዋል። በመጨረሻ ታብሌቱን ዘግተን ከጉብታው ወረድን።

ወደ ወረዳ ደወለ። ወረዳ ዞን ጠየቀ። የሁሉም መልስ አንድ ሆነ፤ ሲስተሙ አይቀበልም። ሰው ቢሆን እግሩ ላይ ወድቀን እንለምነው ነበር። እናታችን ይህንን ስትሰማ «ይህ ሲስተም የምትሉት እንዲህ ከጨከነብን ሽማግሌ እንላክበት እንጂ፤ ቄሱም ይጨመሩ» አለች። እያወቀች ነው የምትቀልደው። ዋልልኝ ግን መሳቅ አቃተው።

እኔም ተስፋ አልቆርጥም ብዬ ደብረ ታቦር ሄድኩ። ሲሙን በሌላ ሲም እንዲተኩልኝ ስልክ መሥሪያ ቤት ገባሁ። መስኮቱ ላይ ያለችው ልጅ ትሑት ናት፣ ዝናብ እንደመታኝ አይታ ወንበር ሰጠችኝ። ቁጥሩ በአንቺ ስም ነውና ባለቤቷ መታወቂያዋን ይዛ በአካል ትምጣ አለች። ጅዳ ናት አልኳት። እንግዲያው ኤምባሲ ሄዳ ውክልና ትላክ አለች። ያን ጊዜ በሕይወት መኖርሽንም የነገረን ሰው አልነበረም፤ ምን ብዬ ልመልስላት? ልጅቱ ፊቴን አይታ ድምፅዋን ዝቅ አደረገችና «ወይም ባለቤቷ በሕይወት ከሌለች የሞት ማስረጃ…» ብላ ሳትጨርሰው ተወችው። አንድ ሌላ ነገርም ነገረችኝ፤ ቁጥር ብዙ ጊዜ ዝም ካለ ለሌላ ሰው ይሰጣል አለች። ይህችኛዋን ሳላስብ ለእናታችን አወራኋት፤ ምነው ምላሴን በቆረጠው።

ከዚያን ቀን ወዲህ ከብቶቹ በገቡ ቁጥር ትጠራኛለች። እሷ ቁጥሩን ትወርደዋለች፣ እኔ እመታዋለሁ። ለምን እንደምትደውል ስጠይቃት «ዝም እንዳይል ነዋ፤ እየጠራነው ለሌላ ሰው አይሰጡትም» አለችኝ። እንዲህ አይደለም እማዬ፣ ከዚያ በኩል ካልተከፈተ የእኛ መደወል አይቆጠርም ብላት ዕንባዋ ሊመጣ ነው፤ ተውኩት። አንዲት ሴት በስልኩ ውስጥ ሆና የደወሉላትን ማግኘት አይችሉም ትላታለች። እናታችንም «ይሁን ልጄ፣ ነገ እደውላለሁ» ብላ ትመልስላታለች። እኔ ያን ጊዜ የማደርገው ስለማጣ ወጥቼ በረቱን እዘጋለሁ፤ የተዘጋውን በረት።

የሞት ወረቀቱን ነገር ያመጡት አያ በላይነህ ናቸው። ክፋት የለባቸውም፣ ለእኛ አዝነው ነው። የስንዴ መዝሪያው ሊያልፍ ጥቂት ሲቀረው ቤታችን መጥተው የቀበሌው ጸሐፊ የሥጋ ዘመዴ ነው፣ ጠፍታለች ሞታለች ብሎ ይጻፍላችሁና መሬቱ ይዳን፤ ወረቀት ነው፣ ስትመጣ ይቀደዳል አሉ። እናታችን የዘር ስንዴ እየለቀመች ነበር። እጇ ቆመ። «አያ በላይነህ» አለች፣ «አንቱ አስቀድመው የሸዋነሽን አስጽፉና አሳዩኝ።»  ደግሞም «ልጄን ለማዳበሪያ ብዬ በእጄ ልቅበራት? ይህን ሟርት ሰምቶ ለቅሶ ደራሹ ከደጄ ቢቆም ምን ልለው ነው?» አለችና ለቀማዋን ቀጠለች። እኔስ ብትዪ፣ መሬቱን አሰብኩ፣ እሷን አየሁ፣ ከአጠገቧ ተቀምጬ ዘሩን አብሬያት ለቀምኩ። አያ በላይነህ እሑድ ከቅዳሴ መልስ ይቅርታ ጠይቀዋታል፤ ይቅር ብላቸዋለች። ግን እስከዛሬ ስትጠራቸው ድምፅዋ እንደድሮው አይደለም።

ያቺ ማሳ ለእሷ ምን እንደሆነች አንቺም ታውቂያለሽ። አባታችን ከሞተ ጀምሮ የራሷን ጎተራ የምትሞላው ከእሷ ነው። ከእኔ ጎተራ ውሰጂ ስላት «አንተ የልጆችህ ነህ፤ እኔ ገበሬ ነኝ» ትለኛለች። መሬቱ ደግሞ ደክሟል፤ ማዳበሪያ ለምዶ፣ ያለሱ የዘሩበትን ያህል እንኳ አይመልስም። ምን ላድርግ? ከእኔ ድርሻ ከፈልኩና በሁለታችንም ማሳ ላይ ሳሳ አድርጌ በተንኩት። እንግዲህ የእኔም ስንዴ እንዳልጠገበ ያስታውቃል፣ የእሷም እንደራበው። ገና ከአሁኑ ቢጫ ሆኖ፣ በመሀሉ አፈሩ ይታያል። ከመንገድ ያለፈ ሰው ምን ሆነ ብሎ ሲጠይቃት «አረንጓዴ ነው፣ ፀሐዩ ነው እንዲህ የሚያሳየው» ትላለች። ፀሐይ ካየን ስንት ጊዜያችን!

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ፤ ለእናታችን ሳነብላት የምዘለው ከዚህ ጀምሮ ያለውን ነው። ሸዋነሽ መጥታ ወሬሽን ከነገረችን በኋላ ዋልልኝ ከደስታው ብዛት ታብሌቱን ይዞ ቤታችን መጣ። ለእናታችን ቁጥር ከሲስተሙ የተላኩትን መልእክቶች አወጣና አሳያት። ለካ ኮዱ ብቻ አይደለም የሚላከው፤ ምክሩም፣ የዝናቡም ነገር፣ ሁሉም በስሟ ይላካል። «አንብብልኝ» አለችው። እያንዳንዱ «ውድ አርሶ አደር ወርቅነሽ አያሌው» ብሎ ይጀምራል። በሕይወቷ ውድ ያላት ጽሑፍ አይታ አታውቅም፤ ነጠላዋን አስተካክላ ተቀምጣ አዳመጠች። አንብቦ ሲጨርስ «ይህ ሁሉ ሰላም ዘንድ ሄዷል?» አለችው። ተልኳል እማማ፣ ግን ስልኩ ስለተዘጋ አልገባም አላት። «ስትከፍተው ይገባላታላ?» ዋልልኝ እኔን አየኝ፣ እኔ እሱን። ይገባል አላት።

ከዚያ ቀን ወዲህ ሌላ ሰው ሆናለች። ቁጥሩ እንዲቀየርላት የምንደክመውን ተዉት አለችን። «ለከርሞም በእሷው ቁጥር ይላክ። ያቺ ልጅ ስልኳን የከፈተች ዕለት ስሜን ታገኛለች። እናቴ አለች፣ ዘርታለች ትላለች» አለች። ማዳበሪያውንስ ብላት፣ ያለማዳበሪያ የኖረ ገበሬ የለም ወይ ብላ ተቆጣችኝ። ዋልልኝን ስሸኘው መንገድ ላይ ቆመና እውነቱን ነገረኝ። ያልተከፈተ ስልክ ላይ የሄደ መልእክት የሚቆየው ጥቂት ቀን ነው፤ ከዚያ ይጠፋል፣ ብትከፍተውም አይመጣም አለኝ። የሰኔውም የሐምሌውም እስካሁን ጠፍቷል ማለት ነው። እኔ አልነገርኳትም። እንዴት ብዬ ልንገራት? አንቺ ንገሪኝ፤ አንቺ ብትሆኚ ምን ብለሽ ትጀምሪያለሽ?

ስለዚህ መልእክቶቹን እኔ ዋልልኝ ዘንድ ቁጭ ብዬ፣ ይኸው እዚህ በረንዳ ላይ፣ እንደ ቃላቸው ገለበጥኩልሽ። በግንቦት ያላት «ማሳዎን ደጋግመው ይረሱ» ነው። በሰኔ መጀመሪያ «የተሻሻለ የስንዴ ዘር ይጠቀሙ» አላት። ከዚያ የማዳበሪያው ኮድ መጣ፤ ቁጥሩን አልጽፍልሽም፣ ጊዜው አልፎ አይሠራም። በሐምሌ «በሚቀጥሉት ቀናት ከባድ ዝናብ ስለሚጠበቅ የውኃ መውረጃ ቦይ ያውጡ» ይላል፤ ይህንንስ እሷ ሳይነግሯት አውጥታዋለች። የመጨረሻው የነሐሴው ነው፤ «የስንዴዎን ቅጠል ይመልከቱ፤ ቢጫ ካዩ ለባለሙያ ያሳውቁ» ይላል። ይህችን ሲያነብላት ዋልልኝ ድምፁ ተሰበረ፤ ባለሙያው እሱ ነውና።

የምለምንሽ አንድ ነገር ነው። ሲሙ እጅሽ ላይ ካለ አትጣይው። ሸዋነሽ መንገድ ካገኘች ስልኳን ለአንድ አፍታ ትስጥሽ፤ ከአንድ ቃል በላይ ባይሆንም ለእኔ ቁጥር ደውዪ። እናታችን ስልኩን ከእጄ ትቀማና ገና ጤናሽን ሳትጠይቅ መልእክቶቿ ደረሱሽ ወይ እንደምትልሽ አውቃለሁ። ያን ጊዜ እንዳትደናገሪ። «ደርሰውኛል እማዬ፣ አንብቤያቸዋለሁ» በያት። የትኛው ካለችሽ «ውድ አርሶ አደር ይላል» በያት፤ የውኃ መውረጃውን ንገሪያት። የቢጫውን ግን ተዪው።

ዝናሽ ሰላም ትልሻለች፤ በሄድሽበት ሁሉ እመቤቴ አትለይሽ ትልሻለች። ብርሃኑ ጉልበትሽን ይስማል፤ ቁመቱን እንዳልነግርሽ ለምኖኝ ነበር፣ መጥተሽ ራስሽ እንድታዪው። ትንሿ ያንቺን ስም የያዘችው ልጃችን መናገር ጀምራለች፤ እናታችን «ሰላም» ብላ በጠራች ቁጥር አቤት ትላለች። አያ በላይነህ፣ ስሜን ስትሰማ አትቀየመኝ በላት ብለዋል። ዋልልኝም እዚህ አጠገቤ ቆሞ ሰላም በላት ብሎኛል።

እናታችን ምን ልበልላት ብዬ ጠይቄያት ነበር። «እኔ በወረቀት አልልክም» አለች፤ «የእኔ በስልኳ ሄዶላታል።»

ወንድምሽ ባዩ ማሩ
ገሳይ፣ ደቡብ ጎንደር
ነሐሴ 22 ቀን 2014 ዓ.ም.